ለባለ .22 ሪምፋየር ጠመንጃ የፊት መያዣና ሌሎች ተጨማሪ ዕቃዎችን መምረጥና መግጠም፦ የአሠራር መመሪያ

የመጀመሪያ ባለ .22 ጠመንጃቸውን የገዙ ወዳጆች ደጋግመው አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ይልኩልኛል፤ ከሥሩም «ለዚህ የትኛው ፎርግሪፕ ይሆነዋል?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙውን ጊዜ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ጠመንጃ ፎርግሪፕ፣ ማለትም ከሥሩ የሚገጠም የፊት መያዣ፣ የሚታሰርበት ቦታ እንኳ የለውም። መልሱን በየስልኩ ከመደጋገም ይልቅ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ የሚገባዎትን፣ ከገዙም በኋላ እንዴት እንደሚገጥሙትና እንደሚፈትሹት በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ። መመሪያው አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ጠመንጃ ገዝተው በተኩስ ሜዳ ኢላማ ለሚለማመዱ የተጻፈ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ ለዚያ አያገለግልም።

በመጀመሪያ ስለ ጥይቱ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ምርጫው ሁሉ ከዚያ ይነሣልና። ሪምፋየር የሚባለው የጠመንጃው መርፌ የቀለሁን ጀርባ መሐሉን ሳይሆን ጠርዙን ስለሚመታ ነው። በብዛት የሚሸጠው .22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ጫፉ 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን ወደ ትከሻ የሚመለሰው ርግጫ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ «ርግጫ ይቀንሳል» እየተባለ የሚሸጥ መያዣ ለዚህ ጠመንጃ የሚቀንሰው ነገር የለም። ፎርግሪፕ እዚህ ላይ ሦስት ጥቅም ብቻ አለው፤ ምላጭ የማይስበው እጅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፣ የእጅ አንጓ ሳይጣመም እንዲይዝ ያግዛል፣ ጣቶችንም ከሚሞቀው ቱቦ ያርቃል። ከሦስቱ አንዱም የእርስዎ ችግር ካልሆነ ገንዘብዎን ለጥይት ያውሉት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የጠመንጃው የአምራች መመሪያ መጽሐፍ፤ ከጠፋብዎ አምራቹ በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል
- ለብሎኖቹ ልክ የሚሆኑ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻዎችና ጫፉ ያልተበላ ካቻቢቴ
- ቶርክ ካቻቢቴ፣ ማለትም ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል በኢንች-ፓውንድ የሚለካ
- የወረቀት ፕላስተር፣ እስክሪብቶና ማስመሪያ
- የወጥ ቤት ሚዛን
- ሰማያዊው ዓይነት የብሎን ማጣበቂያ፤ ቀዩ ያለ ሙቀት ስለማይፈታ አይግዙት
- ደማቅ የጥፍር ቀለም
- የጆሮና የዓይን መከላከያ
- ከአንድ ሣጥን፣ ወይም ቢያንስ ከአንድ ዓይነት የተገዛ 100 ፍሬ ጥይት

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሕጉን ያረጋግጡ

ይህን ክፍል የሚዘሉት ሰዎች በኋላ ከባድ ዋጋ ሊከፍሉበት ይችላሉ። በፌዴራል ሕግ በጠመንጃ ላይ የፊት መያዣ መግጠም አይከለከልም፤ በሽጉጥ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለምሳሌ ሩገር ቻርጀር የሚባለው መሣሪያ ከሩገር 10/22 ጠመንጃ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ቢኖረውም በሕግ ፊት ሽጉጥ ነው። በእንዲህ ያለ አጭር ሽጉጥ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የፊት መያዣ ከገጠሙ መሣሪያው በ1934 በወጣው የብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ሥር ይወድቃል፤ አስቀድሞ ሳይፈቀድልዎ ይህን ማድረግም ወንጀል ነው። ዕቃው የተገዛው በሃያ ዶላር መሆኑ ነገሩን አያቀለውም።

የየግዛቱ ሕግም ይለያያል። በኒው ዮርክ ካዝናው የሚወልቅ፣ በየተኩሱ ራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ሁለተኛ የእጅ መያዣ ከተጨመረበት ከተከለከሉት መሣሪያዎች ተርታ ይገባል፤ ሪምፋየር መሆኑም አያድነውም። በካሊፎርኒያ ተመሳሳይ የጠመንጃ ክልከላ የተጻፈው ለሴንተርፋየር፣ ማለትም መርፌው የቀለሁን ጀርባ መሐሉን ለሚመታው ዓይነት፣ ነው፤ ሆኖም ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ የሚወልቅ ካዝና ለ.22ም ቢሆን አይፈቀድም። የሚኖሩበት ግዛት ሌላ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት የግዛቱን ፖሊስ ወይም የፍትሕ ቢሮ ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ የሱቅ ሻጭ ቃል ማረጋገጫ አይደለም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ሕጉ ከሚዘረዝራቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጠመንጃውንም ሆነ ጥይቱን መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ እንደሚከለከል ዕወቁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 1፦ ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉ

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያድርጉ። በቅድሚያ ካዝናውን ያውልቁ፤ ቀጥሎ የመዝጊያውን እጀታ ወደ ኋላ ስበው ይያዙና ጥይት መግቢያውን በዓይንዎም በትንሿ ጣትዎም ይፈትሹ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ካዝናው ሳይወልቅ መዝጊያውን ስበው ከለቀቁት ሌላ ጥይት ያቀባብላል። ቱቦ መሰል ጥይት ማጠራቀሚያ ባላቸው፣ እንደ ማርሊን ሞዴል 60 ባሉ ጠመንጃዎች፣ የውስጡን ዘንግ ጨርሰው አውጥተው ቱቦውን ወደ ታች አዘንብለው ማራገፍ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻዋ ጥይት ውስጥ ተጣብቃ የምትቀርበት ጊዜ አለና። ከዚያ በኋላ ጥይቱን ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱት።

ደረጃ 2፦ ጠመንጃዎ ምን ዓይነት ማሰሪያ እንዳለው ይለዩ

መግዛት የሚችሉትን የሚወስነው ፍላጎትዎ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። በሱቅ የሚያጋጥሙዎት አራት ናቸው።

ፒካቲኒ ከላዩ የተቦረቦረ ወፍራም ሐዲድ ነው። የእያንዳንዱ ቦይ ስፋት 5.23 ሚሊሜትር ሲሆን ከአንዱ ቦይ መሐል እስከ ሌላው መሐል 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዊቨር ለዓይን ይህንኑ ይመስላል፤ ቦዩ ግን ጠባብ፣ 4.57 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ ርቀቱም እንደየአምራቹ ይለያያል። በዚህ ምክንያት የዊቨር ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ፒካቲኒ ላይ ይቀመጣል፤ የፒካቲኒ ዕቃ ግን ዊቨር ላይ አይገባም። ሦስተኛው ኤም-ሎክ ነው፤ ሐዲድ የለውም፣ ረዘም ያሉ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፣ ዕቃው የሚያዘው ከውስጥ በኩል በሚዞር ዳዶ ነው። አራተኛው በብዙ የሪምፋየር ጠመንጃዎች ሪሲቨር፣ ማለትም መዝጊያውን በያዘው አካል፣ አናት ላይ የሚገኘው፣ 3/8 ኢንች ወይም 11 ሚሊሜትር የሚባለው ቀጭን ቦይ ሲሆን የሚያገለግለው ለማነጣጠሪያ መነጽር ብቻ ነው።

ሁለት የተለመዱ ጠመንጃዎችን እንውሰድ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ 15-22 ከእጅ ማረፊያው ላይ ኤም-ሎክ ቀዳዳ ያለው ሞዴል ከሆነ ፎርግሪፕ በቀጥታ ይገጠምለታል፤ ነገር ግን ያ የእጅ ማረፊያ ፕላስቲክ ስለሆነ በደረጃ 5 የምነግርዎትን የማጥበቅ ጥንቃቄ አይርሱ። ሩገር 10/22 ደግሞ በተለመደው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሰደፉ ከሥሩ ምንም ማሰሪያ የለውም። ምርጫዎ ሁለት ነው፤ ኤም-ሎክ ቀዳዳ ያለው ሰደፍ ገዝተው መቀየር፣ አለዚያም ሐሳቡን መተው። ሰደፉን በመሰርሰሪያ በስተው ሐዲድ የሚያስሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ብሎኑ ከውስጥ ወጥቶ ቱቦውን ከነካ ጠመንጃው ኢላማውን ይስታል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል።

ደረጃ 3፦ እጅዎ በተፈጥሮ የሚያርፍበትን ቦታ ያግኙ

ከሁሉም ደረጃ ይህ ይበልጣል፤ ወጪውም የአንድ ቁራጭ ፕላስተር ነው። ባዶ መሆኑን ዳግም ያረጋግጡና ጠመንጃውን ወደ ወገብዎ ዝቅ አድርገው ይያዙት። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጠመንጃውን ወደ ትከሻዎ ያንሡና የፊት እጅዎን ሳያስቡበት የሚመችዎት ቦታ ላይ ያሳርፉ። ዓይንዎን ይክፈቱ፤ የእጅዎ መሐል ያረፈበት ላይ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪብቶ ያስምሩበት። ይህን አምስት ጊዜ ይድገሙት።

አምስቱ መስመሮች በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ከተሰበሰቡ እጅዎ ቦታውን ያውቀዋል፤ ፎርግሪፕ ብዙ አይጨምርልዎትም። ከተበታተኑ መያዣ ይጠቅምዎታል፤ የሚገጠመውም በመስመሮቹ መካከል ላይ ነው። ከምላጩ እስከዚያ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው ይጻፉት፤ የሚገዙት ሰደፍ ወይም የእጅ ማረፊያ በዚያ ርቀት ላይ ቀዳዳ ከሌለው አይግዙት። ወንድ ልጄን በ12 ዓመቱ በዚህ መንገድ ስለካው መስመሮቹ ከእኔ በአንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሆኑ፤ ለእኔ ተብሎ የተገጠመው መያዣ ክንዱን ዘርግቶ እንዲንጠራራ ያደርገው እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 4፦ ቅርጹን ይምረጡ

ቀጥ ያለው መያዣ እንደ በር እጀታ በሙሉ እጅ የሚጨበጥ ነው። ቆመው ለሚተኩሱ፣ በተለይም የእጅ አንጓቸውን ለሚያማቸው ይመቻል። ጉዳቱ ጠረጴዛ ላይ ይታያል፤ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ እጀታው ይደናቀፋል፣ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሣል። አዘውትረው የሚተኩሱት ከጠረጴዛ ከሆነ ቀጥ ያለውን ይተዉት፤ ከፈለጉትም አጭሩን፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ብቻ የሚያስይዘውን ይውሰዱ።

ተዳፋት ያለው መያዣ ወደ ፊት እየቀጠነ የሚሄድ ሲሆን መዳፍ ከሥሩ ይተኛበታል። ብዙ ሰው ይስማማበታል፤ እኔም ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ሦስተኛው የእጅ ማቆሚያ የሚባለው ትንሽ ጉብታ ነው፤ እጅን አያስይዝም፣ ከዚህ አትለፍ ይላል እንጂ። ቱቦው አጭር በሆነ ጠመንጃ ላይ ጣት ወደ አፈሙዙ እንዳይሄድ ስለሚከለክል ጥቅሙ ከመጠኑ ይበልጣል።

ክብደቱን በወጥ ቤት ሚዛን ይለኩ። የተለመደው 10/22 ካርቢን 2.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከፊት የተጨመረ 150 ግራም ከኋላ ከተጨመረው ይልቅ ክንድን ያደክማል። ከመግዛትዎ በፊት ያንኑ ያህል ክብደት ያለው ነገር፣ ለምሳሌ በከረጢት የታሰረ ሩዝ፣ ደረጃ 3 ላይ ባሰመሩበት ቦታ በፕላስተር አስረው ባዶውን ጠመንጃ ለአንድ ደቂቃ ትከሻዎ ላይ ይያዙት። ደቂቃው ሳይሞላ አፈሙዙ መዋዠቅ ከጀመረ ቀለል ያለ ይፈልጉ።

ደረጃ 5፦ ይግጠሙት

በደረጃ 7 ያለውን ከመግጠም በፊት የሚደረግ የተኩስ ሙከራ አስቀድመው ይጨርሱ፤ ጠመንጃውንም ዳግም ባዶ ያድርጉ። የ10/22 ሰደፍ የሚቀይሩ ከሆነ ከፊት ያለውን ቱቦውን የሚያቅፍ ቀለበት ይፍቱ፤ ከዚያ ከካዝናው መግቢያ ፊት ያለውን አንዱን ትልቅ ብሎን ያውጡ። ሪሲቨሩ አልወጣ ካለዎት በኃይል አይጎትቱት፤ የደኅንነት ቁልፉ ከግራና ከቀኝ መሐል ላይ ካልቆመ ከሰደፉ ጋር ይያያዛል። መሐል ላይ አድርገው ከፊት በኩል ቀስ ብለው ያንሡት።

በኤም-ሎክ ላይ ሲገጥሙ ዳዶዎቹን ከቀዳዳው ርዝመት ጋር ትይዩ አድርገው ያስገቡ፤ ብሎኑን ሲያጠብቁ ዳዶው ሩብ ዙር ዞሮ ቀዳዳውን መሻገር አለበት። መዞሩን ከውስጥ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። እኔ ይህን ሳላይ አጥብቄ ሜዳ ወጥቼ አውቃለሁ፤ በሦስተኛው ካዝና ላይ መያዣው በእጄ ውስጥ ተንሸራተተና ከነዳዶው ወደቀ። ከውስጥ ሳየው አንዱ ዳዶ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተቀርቅሮ ቆይቷል እንጂ ፈጽሞ አልዞረም ነበር።

የማጥበቂያውን ልክ ከዕቃው ጋር ከሚመጣው ወረቀት ላይ ይውሰዱ፤ ወረቀቱ ለብረትና ለፕላስቲክ ሁለት የተለያየ ቁጥር ከሰጠ ያለዎት የትኛው እንደሆነ ያጣሩ። ለአሉሚኒየም የተጻፈው ልክ የፕላስቲክ ማረፊያን ሊሰብር ይችላል። የብሎን ማጣበቂያም ፕላስቲክ ላይ አይጠቀሙ፤ ፈሳሹ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ቀስ በቀስ ያሰነጥቃል። ብረት ከብረት ጋር በሚገናኝበት ግን አንድ ጠብታ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ሌሎች ዕቃዎች

ቅደም ተከተላቸው እንደሚከተለው ቢሆን ይሻላል። ከሁሉ በፊት የጆሮና የዓይን መከላከያ፤ .22 ጠመንጃ እንኳ ድምፁ በ140 ዴሲቤል አካባቢ ስለሆነ «ትንሽ ናት» ተብሎ በባዶ ጆሮ አይተኮስም።

ቀጥሎ የማነጣጠሪያ መነጽር። ለሪምፋየር የተሠራ መነጽር የዕይታ ዝንፈቱ፣ ፓራላክስ የሚባለው፣ 50 ያርድ አካባቢ እንዲጠፋ ተደርጎ ይስተካከላል፤ ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ ለ100 ያርድ ነው። የ100 ያርዱን ገዝተው በ25 ያርድ ቢተኩሱበት ዓይንዎ ትንሽ ከመሐል ሲወጣ የመስቀለኛው መስመር ኢላማው ላይ ሲንሸራተት ያዩታል፤ ጥይቱም እንደዚያው ይበተናል። ከ2 እስከ 7 ጊዜ የሚያቀርብ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሲገጥሙ ማጉያውን መጨረሻው ላይ አድርገው የዓይንዎን ርቀት ያስተካክሉ፤ ዓይን የሚቀመጥበት ቦታ የሚጠበው እዚያ ላይ ነውና። የቀለበቶቹን ብሎኖች በተራ፣ በሰያፍ እየተፈራረቁ ያጥብቁ፤ የተለመደው ልክ ከ15 እስከ 20 ኢንች-ፓውንድ ሲሆን የአምራቹ ወረቀት ከተለየ ወረቀቱን ይከተሉ።

ማንገቻ ቀላልና ርካሽ ነው፤ በሜዳው ወዲያ ወዲህ ለሚንቀሳቀስ ሰው ከፎርግሪፕ ይቀድማል። ባይፖድ፣ ማለትም ሁለት እግር መቆሚያ፣ ለጠረጴዛ ከ6 እስከ 9 ኢንች የሚረዝመው ይበቃል። በቱቦው ላይ የሚቆለፈውን ዓይነት ግን አይግዙ፤ በእግሮቹ ላይ ያለው ጫና ቱቦውን ስለሚገፋው ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። በአፈሙዝ ላይ የሚጠለፍ የርግጫ መቀነሻ ለ.22 አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ በሜዳ ይፈትሹ

አዲሱን ዕቃ ከመግጠምዎ በፊት ባለው ጠመንጃ በ50 ያርድ፣ 46 ሜትር ያህል፣ ከጠረጴዛ ላይ አምስት አምስት ጥይት በአምስት ወረቀት ይተኩሱ። የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ለክተው ይመዝግቡ። ዕቃውን ገጥመው በዚያው ጥይት፣ በዚያው ርቀት ይድገሙት። የጥይቱ ዓይነት ከተቀየረ ልዩነቱ የመያዣው ይሁን የጥይቱ መለየት አይቻልም፤ .22 ጠመንጃ ደግሞ በጥይት ዓይነት በጣም መራጭ ነው። ቆመው የሚጠቀሙበት መያዣ ከሆነ ተመሳሳዩን ሙከራ በ25 ያርድ ቆመው ያድርጉት።

የጥይቶቹ ክምችት ሳይሰፋ ቦታውን ብቻ ከቀየረ መነጽሩን ያስተካክሉ፤ ሩብ ደቂቃ (የማዕዘን መለኪያ እንጂ የሰዓት አይደለም) የሚለካ መነጽር በ50 ያርድ አንድ ክሊክ፣ ማለትም የማስተካከያው አንድ እርምጃ፣ ጥይቱን 3 ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ክምችቱ ከሰፋ ግን ክሊክ አያድንም፤ ዕቃውን ያውልቁና ቱቦውን የሚነካ ነገር እንዳለ ይፈልጉ። ቱቦው ከሰደፉ ጋር እንዳይነካካ ተደርጎ በተሠራ ጠመንጃ የአንድ ዶላር ኖት ከሥሩ ከአፈሙዝ በኩል አስገብተው ወደ ሪሲቨሩ ይሳቡት፤ የሚይዘው ቦታ ካለ ችግሩ እዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ምላጭ ስበው ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሡ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ በሪምፋየር እንዲህ ያለ ነገር ከሴንተርፋየር ይልቅ ያጋጥማል፣ ዘግይቶ የሚፈነዳም አለ። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ሌላ ጥይት አይተኩሱ፤ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በቱቦው ውስጥ የቀረ እርሳስ እንዳለ ይፈትሹ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ካዝናውን እንደ ፎርግሪፕ መጨበጥ አንዱ ነው፤ ካዝናው ሲጎተት ጥይቱ ወደ መግቢያው ጠማማ ሆኖ ይመጣና ይቀረቀራል፣ ባለቤቱም ጥይቱን ይወቅሳል። ሌላው መነጽር፣ መያዣና ባይፖድ በአንድ ቀን መግጠም ነው፤ አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። መያዣውን ለመልክ ሲባል እስከ ማረፊያው ጫፍ ወደ ፊት መውሰድም አለ፤ ክንድ ይዘረጋል፣ ጣትም ወደ አፈሙዝ ይቀርባል። ባዶ ጠመንጃ ላይ ምላጭ እየሳቡ መለማመድ ደግሞ በብዙ ሪምፋየር ላይ መርፌው የጥይት መግቢያውን ጠርዝ እንዲመታ ያደርጋል፤ መመሪያ መጽሐፉ ካልፈቀደ አያድርጉት።

ከተኩስ በኋላ ሳይበሉና ሳይጠጡ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የ.22 ጥይት ጫፉ ብዙውን ጊዜ ያልተሸፈነ እርሳስ ነው፣ የማቀጣጠያው ቅመምም አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አለበት። ልጆች አብረው ካሉ እነርሱም ይታጠቡ።

ሁሉ ነገር ከተስማማዎት በእያንዳንዱ ብሎን ራስና በአጠገቡ ባለው አካል ላይ አንድ ቀጥተኛ የጥፍር ቀለም መስመር ያስምሩ። ከ50 ጥይት በኋላ መስመሩን ይመልከቱ፤ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ስለሆነ ወደ ልኩ ያጥብቁትና አዲስ መስመር ያስምሩ። ሁለት መቶ ጥይት መስመሩ ሳይሰበር ካለፈ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃውን ባጸዱ ቁጥር አንድ ጊዜ ማየቱ ይበቃል።